እገሌ በፈረንሳይኛ ማን ይባላል?

ፈረንሳይኛ የሚማር ሰው ሲያማርር አብዛኛውን ጊዜ የሚያማርረው በግሥ ነው። ግሡ በዛ፣ ጾታው አደከመን፣ ጠረጴዛ ለምን ሴት ሆነች፣ መጽሐፍ ለምን ወንድ ሆነ። እውነት ነው፣ ያደክማል። ግን እሱ ቢያንስ ተሸምድዶ የሚያልቅ ነገር ነው። እኔን የያዙኝ ትንንሾቹ ናቸው። አንድ ሰው፣ የሆነ ነገር፣ ማንም፣ ምንም፣ ሁሉም፣ አንዳንዱ፣ ሌላው። ማን እንደሆነ ሳንናገር ስለ ሰው፣ ምን እንደሆነ ሳንለይ ስለ ነገር የምናወራባቸው ቃላት። የሰዋስው መጽሐፍ ለነዚህ ረጅም ስም አለው። እኔ በቤቴ እገሌዎቹ ነው የምላቸው፣ እዚህም እንደዛው ልበላቸው።

ለምን ፈረንሳይኛ? ቤቴ ደሴ ነው፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ። ጠዋት ሐረጎን ቁልቁል፣ ማታ ሽቅብ። የምሠራው ትራንዚት ቢሮ ውስጥ ነው። እኛ የምናስፈጽመው ዕቃ የሚመጣው በጅቡቲ ነው፣ የጅቡቲ የመንግሥት ቋንቋ ደግሞ ፈረንሳይኛና ዓረብኛ። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ፈረንሳይኛ አለ፣ ስልኩም ላይ አለ። በእንግሊዝኛ የሚያናግራችሁ አይጠፋም። ነገር ግን በለመደው ቋንቋ ሰላም ያላችሁት ሰው ጉዳያችሁን ቶሎ ነው የሚያየው። በዚህ ጅቡቲም ደሴም ያው ነው።

ሁለት አስተማሪ አለኝ። አንዱ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛሁት የሰዋስው መጽሐፍ ነው። ሌላው የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው፣ በባቲ፣ በሚሌ፣ በጋላፊ ሲመላለስ ጸጉሩ የሸበተ ሰው። ጋሼ ነው የምለው። ጋሼ ፈረንሳይኛ ተጽፎ ቢያይ አያነበውም። የተማረው ወደብ ላይ ተራ ሲጠብቅ ከጥበቃው፣ ከሻይ ሻጯ፣ ከጉምሩክ ሠራተኛው እየሰማ ነው። ሲናገር ግን ያስቀናኛል። መጽሐፉና ጋሼ ብዙ ነገር ላይ አይስማሙም። እገሌዎቹ ላይ ደግሞ ጨርሶ።

(የፈረንሳይኛውን ድምፅ በኛ ፊደል ስጽፍ የሚጎድል ነገር አለ። ኦን ስል ን በአፍንጫ ቀርታ ነው የምትሰማው፣ ሙሉ በሙሉ አትወጣም። እየሰማችሁ አስተካክሉት።)

በማንም እንጀምር። “ማንም ይገባል” እና “ማንም አይገባም”። በመጀመሪያው በሩ ክፍት ነው፣ በሁለተኛው ዝግ ነው። ማንም የምትለዋ ቃል ግን በሁለቱም ውስጥ ያቺው ናት፣ አንድ ፊደል አልተጨመረባትም፣ አልተቀነሰባትም። ነገሩን የሚወስነው መጨረሻ ላይ የሚመጣው ግሥ ነው። አማርኛ ተናጋሪ “ማንም...” ብሎ ጀምሮ፣ ትንፋሽ ወስዶ፣ የሰሚውን ፊት አይቶ፣ ከዚያ ይገባል ወይም አይገባም ማለት ይችላል። የኛ የወሎ ሰው እንዲያውም መሀል ላይ “አብሽር” ብሎ፣ የልጆችን ደህንነት ጠይቆ፣ ከዚያ ወደ ግሡ ሊመለስ ይችላል።

ፈረንሳይኛ ይሄን ጊዜ አይሰጥም። አፋችሁን ስትከፍቱ ወስናችሁ መሆን አለበት። ማንም ይገባል ለማለት “ናምፖርት ኪ” ብላችሁ ትጀምራላችሁ፣ ማንም አይገባም ከሆነ “ፔርሶን”። ሁለቱ በመልክም በድምፅም አይዛመዱም። ምንምም ያው ናት። “ምንም ቢሰጡት ይበላል” ስንል ምንሟ “ናምፖርት ኳ” ናት፣ “ምንም አይበላም” ስንል ግን “ሪያን”። የኛ ቋንቋ ውሳኔውን ለመጨረሻ ያቆየዋል፣ የነሱ መጀመሪያ ላይ ይጠይቃል። እገሌዎቹን የሚያከብዳቸው በዋናነት ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ።

መጽሐፉ ግን ስለዚህ አንድ ቃል አይተነፍስም። ዝርዝር ነው የሚሰጣችሁ። በዝርዝር ከሄዳችሁ ማንም ለምትለው አንዲት ቃል ሁለት ሦስት ፈረንሳይኛ ታገኙና የቱን እንደምታነሱ ይጠፋችኋል። እኔ የምመክረው ሌላ ነው። መጀመሪያ የአማርኛውን ዓረፍተ ነገር በልባችሁ እስከ ግሡ ድረስ ጨርሱት። አሉታ ነው ወይስ አይደለም? እሱን ካያችሁ በኋላ ወደ ፈረንሳይኛው ሂዱ።

አሉታው ራሱ ለኛ እንግዳ አይደለም። “አልመጣም” ስንል አል ከፊት፣ ም ከኋላ ሆነው ግሡን መሀል ያስገቡታል። እነሱም “ነ” ከፊት፣ “ፓ” ከኋላ አድርገው ያንኑ ነው የሚሠሩት። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ይሄ ግርም ይለዋል፣ የኛ ልጅ ግን ሲወለድ ጀምሮ ያውቀዋል። ልዩነቱ የሚመጣው ማንምና ምንም ሲገቡ ነው። እኛ “ማንም አልመጣም” ብለን ሁሉንም እንደያዝን እንቀጥላለን፣ ም እንዲያውም ሁለቴ ትሰማለች። እነሱ ጋ ፔርሶን ወይም ሪያን ከገባች ፓ ወጥታ ትሄዳለች። “ዠ ነ ቯ ፔርሶን”፣ ማንንም አላይም። “ዠ ነ ቯ ሪያን”፣ ምንም አላይም። ለጥንቃቄ ብላችሁ ፓን ብትጨምሩ አንዱ አሉታ ሌላውን ይጠልፈዋል።

ኃላፊ ጊዜ ላይ ደግሞ ሌላ ተንኮል አለ። “ዠ ኔ ሪያን ቪዩ”፣ ምንም አላየሁም። “ዠ ኔ ቪዩ ፔርሶን”፣ ማንንም አላየሁም። ሪያን ከረዳት ግሡና ከዋናው ግሥ መሀል ትሰካለች፣ ፔርሶን ግን ዋናው ግሥ እስኪያልፍ ትጠብቃለች። ለምን? መጽሐፉ እንዲህ ነው ብሎ ያልፈዋል። ጋሼ ደግሞ ጥያቄው ራሱ አልገባውም። “እንደዛ ነው የሚሉት፣ በቃ” አለኝ። አንዳንድ ነገር ላይ ሁለቱም አስተማሪዎቼ ይስማማሉ ማለት ነው።

ይበልጥ የወደድኩት ግን የቃላቱን የድሮ ታሪክ ነው። ሲወለዱ አሉታ አልነበሩም። ሪያን የመጣችው ከላቲኑ “ሬም” ነው፣ ነገር ማለት ነው። ፔርሶን ዛሬም ስም ሆና ስትመጣ ሰው ማለት ናት፣ “ዩን ፔርሶን” አንድ ሰው። “ኦካን” ደግሞ አንድም የሚለው ነው፣ በውስጡ የነሱን አንድ ይዟል። ድሮ “አንዳንድ” የመሰለ ትርጉም ነበረው። አሁንም በጽሕፈት ቋንቋ “ዶካን” ብለው ከጻፉ አንዳንድ ሰዎች ማለታቸው ነው። እነዚህ ቃላት ከነ ጋር ሲኖሩ ሲኖሩ አሉታው ተጋባባቸው። የኛዋ “አንዳችም” አንድን በሆዷ ይዛ እንዴት “ምንም” እንደሆነች አስቡት። ወይም ይሄን ስሙ፦ “ማን መጣ?” “ማንም።” ግሥ የለም፣ አል የለም፣ ግን ሁላችንም አንድም ሰው እንዳልመጣ ገብቶናል። እነሱም ጋ “ኪ ኤ ቨኒዩ?” “ፔርሶን።” እናትሽ ፊትሽ ጠቁሮ አይታ “ምን ሆንሽ?” ስትልሽም “ምንም” ትያለሽ። ፈረንሳይ አገር ያለችው ልጅም ለእናቷ “ሪያን” ነው የምትለው፣ እናትየዋም አታምናትም።

ጋሼ ነ የምትባለዋን አያውቃትም። አይፈረድበትም፣ ምክንያቱም ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሲያወራ “ነ”ን ይውጣታል። መጽሐፉ “ኢል ኒያ ፔርሶን” ብሎ ያስተምራል፣ ማንም የለም ለማለት። መንገድ ላይ የሚሰማው ግን “ያ ፔርሶን” ነው። ጋሼ መስመሩን በጀመረ ሰሞን አንድ ቢሮ ይሄዳል። ጥበቃው “ያ ፔርሶን” ይለዋል። ፔርሶን ሰው መሆኑን ከሻይ ሻጯ ሰምቷል። ሰው አለ ብሎኛል ብሎ በዚያ ፀሐይ በር ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። የጅቡቲን ፀሐይ የቀመሰ ያውቀዋል። ማንም አልመጣም፣ ቀኑ በዓል ነበር።

ይሄን ሲያወራ አሁንም ይስቃል። “የለም ለማለት አለ ይላሉ፣ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?” እኔ ነ ወድቃ ነው ብዬ ላስረዳው ስጀምር “እህቴ፣ የወደቀውን እኔ በምን ዓይኔ ልየው?” አለኝ። ስለዚህ ለጋሼ የሚሆን ምልክት ፈለግን። ከፊቷ ዩን ካለች ሰው ናት፣ ባዶዋን ከመጣች ማንም ናት። “ያ ዩን ፔርሶን” አንድ ሰው አለ። “ያ ፔርሶን” ወደ ቤትህ ሂድ። የሆነ ሰው መኖሩን መናገር ሲፈልጉ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይልቅ “ያ ኬልካን” ነው የሚሉት።

አሁን ወደ ዋናዋ እንሂድ። ኦን።

ፈረንሳይኛ ዓረፍተ ነገር ያለ ባለቤት ሾፌር እንደሌለው መኪና ነው፣ ከቆመበት አይነቃነቅም። የኛ ግሥ ባለቤቱን በሆዱ ይዞት ይሄዳል። መጣ ካልን እሱ ነው፣ መጡ ካልን እነሱ፣ ሌላ ቃል አንጨምርም። እነሱ ግን አድራጊው ባይታወቅም፣ ባይፈለግም፣ ቢደበቅም፣ ወንበሩ ላይ አንድ ሰው መቀመጥ አለበት። ያ ሰው ኦን ነው። ሁላችንም ነው፣ ማንም አይደለም፣ አንዳንዴ እኔ ነኝ፣ አንዳንዴ አንተ ነህ።

አማርኛ ለዚህ ሥራ አንድ ቃል የለውም፣ ብዙ መንገድ ነው ያለው። “እዚህ ፈረንሳይኛ ይነገራል” ስንል ግሡን ተደራጊ እናደርገዋለን፤ እነሱ “ኦን ፓርል ፍራንሴ” ይላሉ። ስልክሽ ሲጠፋ “ሰረቁኝ” ትያለሽ። ማን? እነሱ። የትኞቹ እነሱ? አይታወቅም። ይሄም ኦን ነው። “ነገሩኝ” ኦን ነው። “በር ተንኳኳ” ኦን ነው። “እንሂድ” እንኳን “ኦን ኒ ቫ” ነው፣ በዕለት ንግግር እኛ ለማለት “ኑ” ከሚባለው ይልቅ ኦን ናት የምትሰማው። ጋሼ ኑን ጭራሽ ሲጠቀም ሰምቼው አላውቅም። ብልህ ነው፣ ምክንያቱም ከኦን ጋር ግሡ ሁልጊዜ እንደ እሱ፣ እንደ ነጠላው ነው የሚረባው። እኛ ስንሆንም፣ ሰው ሁሉ ሲሆንም ያው “ኦን ቫ”፣ “ኦን ፓርል”። ግማሹን የግሥ ሸክም ጣላችሁ ማለት ነው። ፈተና ያለበት ተማሪ ካልሆነ በቀር፣ ጀማሪ ከኑ በፊት ኦንን ቢለምድ እመርጣለሁ።

እና ኦን ከየት መጣች? ከላቲኑ “ሆሞ”፣ ከሰው። ወንድ ወይም ሰው የሚሉበት “ኦም” የሚለው ስም ከዚያው ቃል ነው የመጣው። ስለዚህ ኦን ሥሯ ሲቆፈር “ሰው” ናት። እዚህ ጋ ሳቄ መጣ። እኛ ዘንድ ሰው ልብሱን ሳይቀይር ይሄንኑ ሥራ ይሠራል። “ሰው ምን ይላል?” “ሰው ይታዘበኛል።” “ሰው አይቶ አያልፍም።” ያደግሁበት ሰፈር፣ ሰኞ ገበያ ገባ ብሎ፣ ቀሚስ የሚመረጠውም፣ ሠርግ የሚደገሰውም፣ ለቅሶ የሚደረሰውም በዚህ ሰው ፊት ነው። ይሄ ሰው ስም የለውም፣ ቤቱ የት እንደሆነ አይታወቅም፣ ሁሉን ግን ያያል። የኛ ኦን እሱ ነው።

“ኦን ዲ ከ...” በኛ “ይባላል” ነው። ደሴና ኮምቦልቻ የኖረ ሰው ይባላልንና ተባለን ለመለየት ሰዋስው አያስፈልገውም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት፣ ጦርነቱ እየቀረበ ሲመጣ፣ ከተማው በተባለ ነበር ውሎ የሚያድረው። ደረሱ ተባለ። አልደረሱም ተባለ። መንገድ ተዘጋ ተባለ። ማን አለ? ሰው። ያኔ ሰው ልጁን አቅፎ የሚወጣውም የሚቀረውም በዚህ ባለቤት በሌለው ግሥ ላይ ተመሥርቶ ነበር። ከዓመታት በኋላ ስለ ኦን ሳነብ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ያ ጊዜ ነው። “ኦን ዲ ከ ላ ሩት ኤ ፌርሜ”፣ መንገዱ ዝግ ነው እየተባለ ነው። ሰዋስዉ ልክ ነው። ግን ኦን ዲ የአሁን ጊዜ ነው፣ ተረጋግቶ የሚወራ ወሬ ይመስላል። ተባለ ደግሞ አንዴ ተባለ፣ አለቀ፣ ተነሱ ማለት ነው። የሚቀርበው “ኦን ና ዲ” ነው፣ እሱም ቢሆን ያንን ድንጋጤ አይሸከምም። ጋዜጠኞቻቸው ያልተረጋገጠ ወሬ ሲያወሩ ኦንንም ትተው ግሡን ነው የሚቀይሩት፤ “ኤ” ን “ስሬ” ያደርጉታል፣ “ላ ሩት ስሬ ፌርሜ”። መንገዱ ተዘግቷል አሉ፣ እንደማለት። የኛዋ “አሉ” በሁለት ፊደል ጨረሰችው።

ኦን ሌላ የምትመቸው ቦታ ቢሮ ነው። ስልክ ደውላችሁ ጉዳያችሁን ካስረዳችሁ በኋላ “ኦን ቫ ቯር” ይላችኋል ሰውየው። እናያለን። ማን ነው የሚያየው? እሱ ነው? አለቃው ነው? ነገ የሚገባው ተረኛ ነው? ይሄን ስትሰሙ የሆነ የምታውቁት ነገር ትዝ አይላችሁም? “ይታያል።” “ይነገራችኋል።” “እየተሠራበት ነው።” እዚህ አገር ጉዳይ ያስፈጸመ ሁሉ ያውቃቸዋል። እነዚህ ግሦች መልስ ናቸው፣ ነገር ግን መልሱን የሰጠ ሰው የለም። እኔ አሁን ዘዴ አበጅቻለሁ። “ኦን ቫ ቯር” ሲሉኝ “ኪ ሳ፣ ኦን?” እላለሁ፣ ኦን ማን ነው? ብዙዎቹ ይስቃሉ፣ ከዚያ ስማቸውን ይነግሩኛል። በአማርኛ ይሄን ማድረግ ይከብዳል። ይታያል ለሚል ሰው “በማን?” ብትሉት ጠብ የፈለጋችሁ ነው የሚመስለው።

ወደ ኬልካን ልለፍ። ደሴ መናኸሪያ ወያላው “አንድ ሰው! አንድ ሰው!” እያለ ይጮኻል። ይሄ አንድ ሰው ኬልካን አይደለም፣ ቁጥር ነው፣ “ዩን ፔርሶን” ነው። (በሥራ ግን ሦስት ሰው ማለት እንደሆነ የኮምቦልቻ ተሳፋሪ ሁሉ ያውቃል።) “አንድ ሰው ስልክሽን ፈልጎ ነበር” ስንል ግን ቁጥሩ ጉዳያችን አይደለም፣ ማንነቱን አናውቅም ወይም አንናገርም። ያኛው ኬልካን ነው። አማርኛችን አንድን ለሁለቱም ስለሚጠቀምባት መለየት ያለብን እኛ ነን። የዘንድሮ ልጆች “የሆነ ሰው” ማለት መልመዳቸው እዚህ ላይ ይጠቅማል። የሆነ ሰው ማለት ከተቻለ ኬልካን ነው፣ የሆነ ነገር ማለት ከተቻለ “ኬልክ ሾዝ” ነው። በዚህ ፈተና ብዙውን ጊዜ አትሳሳቱም።

የእህቴ ልጅ ኬልካንን ከሁሉ አስበልጣ ትወዳታለች። ከኔ ጋር ማታ ማታ ትቀመጣለች፣ ከሷ ዕድሜ አንጻር ጥሩ ትይዛለች። ኬልካን ሴትም ወንድም ሊሆን ይችላል፣ ቅርጹ አይቀየርም። የኛ ግሥ ደግሞ ደወለ ወይም ደወለች ብሎ ወዲያው ያጋልጣል። አንድ ማታ እናቷ “ማነው የደወለልሽ?” ስትላት “ኬልካን” አለቻት። እናቷ የሰው ስም መሰላት። “ኬልካን የማን ልጅ ነው?” አለች። እኔ ወጥቼ ሳቅኩ። “አክስቴ፣ እባክሽ እንዳትተረጉሚላት” የሚል መልእክት ስልኬ ላይ ገባ። ለነገሩ ትርጉሙም ቢሆን የሚጠቅማት አልነበረም፣ የሆነ ሰው ማለት እናት ፊት መልስ አይሆንም።

አንድ መያዝ ያለበት ነገር፦ ከነዚህ ቃላት ኋላ ቅጽል ከመጣ መሀላቸው “ደ” ትገባለች። ደሴ ላይ በነሐሴ ማታ የሚያስፈልጋችሁ “ኬልክ ሾዝ ደ ሾ” ነው፣ የሚሞቅ ነገር። ሾዝ ለብቻዋ ሴት ናት፣ ኬልክ ሾዝ ስትሆን ግን ወንድ ትሆናለች፤ ስለዚህ ሾ እንጂ ሾድ አይደለም። “ሪያን ደ ኑቮ” ምንም አዲስ ነገር የለም። “ፔርሶን ዶትር” ሌላ ማንም። እቺን ደ ጋሼ አንድም ቀን ስቷት አያውቅም፣ መጽሐፍ የተማርነው ነን የምንረሳት።

አሁን ሥራ ላይ ዋጋ ያለው። “ዶትር” እና “ሌ ዞትር”። ሁለቱም መዝገበ ቃላት ላይ ሌሎች ናቸው። ልዩነታቸውን ግን አማርኛ በአንዲት ቅጥያ ይዞታል፦ ሌሎች እና ሌሎቹ። አስር ካርቶን መጣ እንበል። ሦስቱ ረጥበዋል። “ሌሎች ካርቶኖችም ተቀደዋል” ከተባለ ከቀሩት ውስጥ የተወሰኑት ናቸው፣ ዶትር። “ሌሎቹ ተቀደዋል” ከተባለ ግን የቀሩት በሙሉ፣ ሰባቱም ናቸው፣ ሌ ዞትር። በስልክ ሲነገር ልዩነቷ ቀጭን ናት፣ ደንበኛው ፊት ስትደርስ ግን ገንዘብ ናት። ስለዚህ ዝም ብዬ አላልፋትም፣ “ቱ ሌ ዞትር?” ብዬ አጠይቃለሁ፣ ሌሎቹ በሙሉ? “ፕሊዩዚየር” የምትለዋም እንደዚሁ ናት። ከአንድ በላይ ነው ትላለች እንጂ ስንት እንደሆነ አትነግርም። ሁለትም ይሆናል ሃያም። ወረቀት ላይ ፕሊዩዚየር ካያችሁ ቁጥሩን ጠይቁ። በዚህ ላይ ሴትም ወንድም አትልም፣ ቅርጿ አንድ ነው፣ ቢያንስ እሷ አላስቸገረችንም።

ሁሉምን በአጭሩ ልበለው። “ቱ ለ ሞንድ” ቃል በቃል ዓለሙ ሁሉ ቢሆንም ትርጉሙ ሁሉም ሰው ነው፣ ግሡም ነጠላ ነው፣ የኛ “ሁሉም ሰው መጣ” እንደሚለው። “ቱስ” ብቻዋን ተውላጠ ስም ሆና ስትቆም መጨረሻዋ ላይ ያለችው ስ ትሰማለች፤ “ኢል ሶን ቱስ ቨኒዩ”፣ ሁሉም መጡ። ከስም ፊት ሆና “ቱ ሌ ዞም” ስትባል ግን ስ ትጠፋለች። አጻጻፏ አንድ ነው፣ ጆሮ ነው የሚለያት። “ሻካን” ደግሞ እያንዳንዱ ነው፣ ሁልጊዜ ነጠላ። “ሻካን ፔይ ሳ ፓር”፣ እያንዳንዱ የራሱን ይከፍላል። ሰዋስዉ ቀላል ነው፣ ደሴ ካፌ ውስጥ ግን ይሄን ዓረፍተ ነገር ለማን እንደምትሉት አላውቅም። ሒሳብ ሲመጣ እኔ ልክፈል እየተባባልን እጅ ለእጅ እየተያያዝን ነው የምንከፍለው።

ናምፖርት ኳን ከላይ አንስቻት ነበር። ቃል በቃል ብትፈቱት ምንም ይሁን ግድ የለም እንደማለት ነው። ብቻዋን በቁጣ ስትመጣ ግን ትርጉሟ ይሰፋል። “ሴ ናምፖርት ኳ!” ይሄ የማይሆን ነገር ነው፣ ዝባዝንኬ ነው። ጋሼ የወደብ ክፍያ ደረሰኝ ሲያይ የሚላት እቺን ነው። እኔ የሰዋስው መጽሐፉ ውስጥ ብዙ ገጽ ላይ እርሳስ አንስቼ ዳር ላይ ጽፌያታለሁ።

እገሌ ራሱስ? አለ። “አንቴል” ይሉታል፣ ሴት ከሆነች “ዩንቴል”። እገሌና እገሊት ማለት ናቸው። በተለይ “ሙሲዩ አንቴል”፣ አቶ እገሌ፣ ሲባል ትሰሙታላችሁ። ግን እኛ እገሌን የምናሠራውን ያህል አያሠሩትም። እኛ ለሐሜትም፣ ለምሳሌም፣ ስሙ ለጠፋብን ዘመድም እገሌ ነው።

በመጨረሻ “ሎን” የሚሏት አለች። ያቺው ኦን ናት፣ ከፊቷ ል ተጨምሮባት። ሥራ የላትም፣ ትርጉም አትቀይርም። ኦን ስም በነበረችበት ዘመን፣ ሰውዬው እንደማለት፣ ትይዘው የነበረ መስተኣምር፣ እንደ ሰውዬው “ው” ያለ፣ ነው የቀረው። አሁን ለጆሮ ነው የምትጠቅመው፣ በተለይ “ከ” ከምትባለው የነሱ ቃል ኋላ። “ከ ኦን” ሲገጣጠም “ኮን” ይሆናል፣ ኮን ደግሞ ስድብ ነው። ስለዚህ ጨዋ ጸሐፊ “ከ ሎን” ብሎ ያልፋታል። ይሄን ለጋሼ ነገርኩት። ባቲ ላይ ሻይ እየጠጣ ነበር፣ ስልኩ ይቆራረጣል። ትንሽ ዝም ብሎ “እኔ እኮ ይሄን ሁሉ ዓመት የጉምሩኩን ሰውዬ ስሰድበው ነው የኖርኩት” አለኝ። ከዚያ አሰበበትና “ግን አይጎዳውም፣ ያን ያህል አስቸግሮኛል” አለ።